ደብዳቤ ለልጄ፦ ቁስቋም ላይ የጠየቅሽኝ ጥያቄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ለጥምቀት ልጅቷን ይዤ እመጣለሁ ካልሽኝ ወዲህ ቤቱን ስንት ጊዜ እንደጠረግሁት አልነግርሽም። አባትሽ ይስቅብኛል።

«ፋሲልን ላሳያት» ብለሻል። ማን ይከለክልሻል? ግን በመጀመሪያው ቀን አይሁን። ያን ሁሉ ግንብ በአንድ ጠዋት ያየች ልጅ ማታ የምታስታውሰው የአንበሳ ቤቱን ብቻ ነው። አንቺም እንደዚያው ነበርሽ። የእኔ ሐሳብ የቁስቋም ቤተ ክርስቲያንና ራስ ግንብ የሚባለው ቤት ነው። ሁለቱም ግርግር አይበዛባቸውም። ደግሞ የአንድ ቤተሰብ ጉድ ናቸው።

ቁስቋም የሄድንበት ቀን ትዝ ይልሻል? ሰባት ዓመትሽ ነበር። ዳገቱን በእግራችን ወጣነው። አባትሽ አገልግሉን ተሸክሞ፣ ወጡ ፈስሶ አዲሱን ኮቱን አበላሸበት። ስንደርስ ደግሞ ቁልፍ የያዙት አባት የሉም። ከዛፍ ሥር ተቀምጠን ጠበቅናቸው፤ አንቺ በዚያ መሃል ምሳሽን ጨረስሽ። በኋላ ወደ ትንሿ ክፍል ገባን። በመስታወት ሣጥን ውስጥ አጥንት አየሽ። «እማዬ፣ ማናቸው? ለምን አንድ ላይ ሆኑ?» አልሽ፣ ያውም ጮክ ብለሽ። እኔ ሰው ፊት አፍሬ ክንድሽን ቆነጠጥኩሽ። ዝም አልሽ። እስከ ቤት ድረስ አንድ ቃል አልተነፈስሽም።

ያ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ጥያቄሽ ልክ ነበር። ልጅሽም መጠየቋ ስለማይቀር አሁን ልመልስልሽ።

እናት፣ ልጅና የልጅ ልጅ ናቸው። እናትዮዋ እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፤ ቋረኛዋ፣ የአፄ በካፋ ሚስት። ባላቸው ሲሞቱ ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ነበር። ዘውድ ጭነው አገሩን ከልጃቸው ጋር ገዙ። ቁስቋምን ያሠሩት እሳቸው ናቸው፤ ስሙንም እመቤታችን ልጇን ይዛ በስደት ካረፈችበት ከግብፁ ቁስቋም ወሰዱት። ኢያሱ በ1747 ዓ.ም ሞተ። እናት ልጇን ቀበረች። ከዚያ የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ ነገሠ፤ እሱም ልጅ ነበር። በአያቱ ዘመዶችና በእናቱ ዘመዶች መካከል ጠብ ሲበረታ፣ ራስ ሚካኤል ስሑል ከትግራይ ተጠራ። የተጠራው ሰው በ1761 ዓ.ም ኢዮአስን አስገደለው። ይኸው ራስ ሚካኤል ደግሞ የእቴጌዋን ልጅ ወይዘሮ አስቴርን ያገባ ነው። አማች ማለት ነው እንግዲህ! እቴጌዋ የልጅ ልጃቸውን ከአባቱ አጠገብ ካስቀበሩ በኋላ ጎንደር ከተማ አልመለስም ብለው ቁስቋም ቀሩ ይባላል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም ጎንደር ሲደርስ ያገኛቸው እዚያው ቁስቋም ነው። በ1765 ዓ.ም እሳቸውም አረፉ።

እኔ አያት ከሆንኩ ወዲህ ያቺን ሣጥን እንደ ድሮው አላያትም። ድሮ የነገሥታት አጥንት ነበር የሚመስለኝ።

ከዚያ ወደ ከተማ ትወርዱና ራስ ግንብ ትገባላችሁ። ዛሬ ሙዚየም ነው። ያ ቤት የራስ ሚካኤል ነበር ይባላል። ጠዋት የተገደለውን ልጅ አጥንት አይተሽ ከሰዓት ያስገደለውን ሰው ቤት ማየት እንግዳ ነገር ነው። መጀመሪያ ቁስቋም፣ ቀጥሎ ራስ ግንብ፤ ቅደም ተከተሉን አትገልብጪው፣ አለበለዚያ ታሪኩ ይበላሽብሻል። ቤቱ በጣሊያን ጊዜ የጦር አዛዥ ኖሮበታል፤ በደርግ ጊዜ ሰው ተመርምሮበታል። ይህንን ለልጅቷ አትንገሪያት፤ ለአንቺ ነው የጻፍኩት። አባትሽ እስከ ዛሬ ከበሩ አልፎ አይገባም። ለምን እንደሆነ ከጠየቅሽው «እግሬን አሞኝ ነው» ይልሻል። እንዳላወቅሽ ሁኝና ተይው፤ በሩ ላይ ቡናውን እየጠጣ ይጠብቃችሁ።

ሦስተኛ ቦታ አትጨምሪ። ደብረ ብርሃን ሥላሴን በማግሥቱ እኔ እወስዳታለሁ፤ ጣሪያው ላይ ያሉትን መላእክት አብረን እንቆጥራለን። ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ ቆጥሬ ሦስት ዓይነት ቁጥር ነው ያገኘሁት። እሷ ዓይኗ ጥሩ ነው።

ቁስቋም ላይ ቁልፍ የሚይዙትን አባት ቀድሜ አነጋግራቸዋለሁ። ጫማ ማውለቅ ስላለ ካልሲዋ ቀዳዳ እንዳይኖረው እይላት። ሹራብም ያዢላት፤ የጥር ጠዋት ይበርዳል። አገልግሉን ግን ዘንድሮ እኔ ነኝ የምሸከመው።

እናትሽ፣
ከጎንደር