ስለ እናቶቻችንና አያቶቻችን ሳንቲሞች፦ ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች
ድሬዳዋ

እንደምን ሰነበታችሁ?

በዚህ ወሰነ ትምህርት ከ4ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ ልጆቻችን የሳንቲም ስብስብ ያዘጋጃሉ። እያንዳንዱ ሳንቲም ከአንዲት እናት ወይም ከአንዲት አያት ታሪክ ጋር ነው የሚመዘገበው። ልጁ አያቱ አጠገብ ይቀመጣል፣ አሮጌውን ሳንቲም እንድታሳየው ይጠይቃል፣ ስለ ሳንቲሙ የነገረችውን በደብተሩ ይጽፋል። አያት በሏት፣ አኮ በሏት፣ አዬዮ በሏት፣ ኡማ በሏት፣ በየቤታችሁ እንደምትጠሯት ይሁን። ታሪኩንም ልጁ በሰማበት ቋንቋ መጻፍ ይችላል። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ ወይም በሐረሪ ቢሆን እንቀበላለን።

ለምን ይህን መረጥን? ልጆች እናታቸውን የሚያከብሩበት ነገር ስንፈልግ ብዙ ጊዜ አበባ እናስላለን፣ ግጥም እናስነብባለን። ደስ ይላል፤ አልጠላም። ግን እናት ምን ስትሠራ እንደኖረች ልጁ ሳያውቅ የሚሰጣት አበባ ያንሳታል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ከተማችን የሚተረከውን ልብ በሉ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ደረሰ ይባላል። ፈረንሳዮቹ ይነሳሉ፣ ግሪኮቹና አርመኖቹ፣ ሕንዶቹና ዓረቦቹ ነጋዴዎች ይነሳሉ። የከዚራ ቤቶች፣ የመጋላ ሱቆች ይነሳሉ። በፀሐይ ተቀምጣ ወተት የሸጠችው፣ ለሠራተኛው እንጀራ የጋገረችው፣ ሌሊት ተነስታ ሳምቡሳ የጠበሰችው ሴት ግን ስሟ የለም። ሒሳቧን የያዘችው በወረቀት አልነበረም። በጭንቅላቷና በነጠላዋ ጫፍ በተቋጠረው ሳንቲም ነበር። ያን ቋጠሮ ፈትቶ የሚያስነግራት ሰው ካልተገኘ ታሪኩ አብሯት ይሄዳል። ልጆቻችን ይጠይቋት የምለው ለዚህ ነው።

አሁን ስለ ሳንቲሞቹ ትንሽ ልንገራችሁ፤ ልጆቹ ቤት መጥተው ሲጠይቋችሁ እንድትረዷቸው።

ከአንዳንድ ቤት ማርትሬዛ ይወጣ ይሆናል፤ ጠገራ ብር የምንለው። አያቶቻችን ለረጅም ዘመን በጣም ያመኑት ገንዘብ እሱ ነው፤ ላዩ ላይ ያለችውም እናት ናት። የኦስትሪያ ገዥ ማሪያ ቴሬዛ 16 ልጆች የወለደች ሴት ነበረች። ምስሏን በደንብ ብታዩት ራሷ ላይ ሻሽ አለ። ባሏ ከሞተ በኋላ የተሠራ ምስል ስለሆነ የሐዘን ሻሽ ነው። እሷ በ1780 እ.ኤ.አ. ሞተች። ብሩ ግን ከዚያ በኋላም ይመታ ነበር፤ ዓመቱን ሳይቀይሩ። ቪየና ብቻም አይደለም፣ ሮም፣ ለንደንና ቦምቤይ ሳይቀሩ ያንኑ ምስልና ያንኑ 1780 መትተዋል። ስለዚህ እባካችሁ፣ 1780 የሚል አይታችሁ ይህን ያህል ዓመት ሆኖታል ብላችሁ አትቁጠሩ። የአያትየዋ ማርትሬዛ ከራሷ ብዙም የማይበልጥ ሊሆን ይችላል። ያ ደግሞ ክብሩን አይቀንሰውም።

ማርትሬዛ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ አብዛኛው ንጹሕ ብር ነው። ሰው ሲቀበለው ዝም ብሎ አይቀበልም ነበር። በራሷ ጌጥ ላይና በትከሻዋ ላይ ያሉት ዕንቁዎች በግልጽ መታየታቸውን ያረጋግጣል። የጠፋበት ወይም የተፋቀ ከሆነ ይመልሳል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. የራሳቸውን ምስል ያለበት ብር ፓሪስ አስመትተው ሲያስመጡ እንኳ ሕዝቡ ማርትሬዛውን ቶሎ አልተወም።

ከሁሉ በላይ ልጆቹ እንዲሰሙት የምፈልገው ግን ማርትሬዛ ከገበያ ወጥቶ ሴት አንገት ላይ ሲገባ የሆነውን ነው። ብሩ አንጥረኛ ጋ ሄዶ ይቀልጥና አምባር ይሆናል፣ ድሪ ይሆናል፣ የእግር አልቦ ይሆናል። ሳይቀልጥም ቀለበት ተበይዶለት በክር ይንጠለጠላል። ጌጥ ብቻ አልነበረም። የሴቲቱ የራሷ ገንዘብ ነበር፤ አንገቷ ላይ ስላለ ማንም ቆጥሮ አይወስድባትም። ድርቅ ሲመጣ፣ ባል ሲታመም፣ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ከዚያ ላይ አንድ አንድ እያለች ታወጣለች። እናንተ ቤት አንድ የቀረ አምባር ካለ፣ ሌሎቹ የት እንደሄዱ ጠይቋት። መልሱ ብዙ ጊዜ አሁን የአንዳችሁ አባት ወይም እናት የሆነ ሰው ነው። እሱን አስተምራበታለች፤ እሷን አሳክማበታለች።

ሐረር ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። ሐረር በአሚሮቿ ዘመን የራሷን ገንዘብ የምታወጣ ከተማ ነበረች። መሐለቅ የሚባለው ትንሽ ሳንቲም ከዚያ ይመጣል። ጀጎል ውስጥ የሸሪፍ ሙዚየም የድሮ ሳንቲሞች ስላሉት ቅዳሜ ዘመድ ልትጠይቁ ስትሄዱ ልጆቹን ይዛችሁ ግቡ። ከተቻለ አያታቸውንም ይዛችሁ። መስታወቱ ውስጥ ያለውን አይታ «ይሄንማ እኔም ነበረኝ» ካለች የዚያን ቀን ትምህርት ከእኛ ክፍል ይበልጣል።

ብዙዎቻችሁ ቤት የሚገኘው ግን ማርትሬዛም መሐለቅም አይሆንም። ስሙኒ ነው፣ ሽልንግ ነው። በጃንሆይ ጊዜ የወጡት፣ 1936 የሚል ቁጥር ያለባቸው ሳንቲሞች ናቸው። እነዚህም እንደ ማርትሬዛው ናቸው፤ 1936 የሚለው ቁጥር ሳይቀየር ለብዙ ዓመት ተመትተዋል። 50 ሳንቲሙን ሽልንግ የምንለው አለምክንያት አይደለም። ጣሊያን ከወጣ በኋላ እንግሊዞች ያመጡት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ እዚህ ይሠራ ነበር። አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ አንዱ ብር በሁለት ሽልንግ ተመነዘረ። ግማሹ ብር እንግዲህ አንድ ሽልንግ ሆነ ማለት ነው። ያ 50 ሳንቲም ከእውነተኛ ብር የተሠራ ስለነበር እሱም ወደ አንጥረኛ ሄዷል። ዛሬ ብዙ የማታዩት ለዚህ ነው።

ስሙኒው ላይ ደግሞ ልጆች የሚወዱት ታሪክ አለ። መጀመሪያ የወጣው 25 ሳንቲም ክብ ነበር፤ ከመዳብ የተሠራ። መጠኑ ከሽልንጉ ጋር ስለሚቀራረብ አንዳንድ ብልጦች ብር ቀቡትና በ50 ሳንቲም ሒሳብ መስጠት ጀመሩ። መንግሥት ይህን ሲያይ ክቡን ሰበሰበና ዙሪያው ወጣ ገባ የሆነ ስሙኒ አወጣ። በእጅ ዳብሶ መለየት ተቻለ። ጨለማ ውስጥ የምትሸጥ፣ ዓይኗ የደከመ ሴት ከእንግዲህ አትታለልም። ቤት ያለው ስሙኒ ክብ ነው ወይስ ወጣ ገባ? ልጆቹ ይዩትና ይንገሩን።

በ1969 ዓ.ም. የወጡትን ሁላችንም እናውቃቸዋለን፤ በአንድ በኩል የአንበሳ ራስ ያለባቸው። አንድ ሳንቲሙ ላይ በበሬ የሚያርስ ገበሬ አለ። አሥር ሳንቲሙ ላይ ኒያላ አለ። 25 ሳንቲሙን አዙሩት። አንድ ወንድና አንዲት ሴት እጃቸውን አንስተው ቆመዋል። ያቺን ሴት ስንቶቻችን አይተናታል? ስንት ዓመት በእጃችን አልፋለች። ልጆቹ ስብስቡን ከዚህ ሳንቲም እንዲጀምሩ የወሰንኩት እኔ ነኝ። በቀላሉ ይገኛል፤ ምንም አያስወጣም።

እንግዲህ ወደ ሥራው።

ማንም ልጅ ሳንቲም እንዲገዛ አንፈልግም። እዚህ ላይ እጅግ አደራ እላለሁ። ሥራው ውድድር አይደለም፤ ማርትሬዛ ያመጣ ልጅ አሥር ሳንቲም ካመጣው አይበልጥም። መምህራኑ የሚያዩት የተጻፈውን ታሪክ ነው።

ብር የሆነ ሳንቲም ወይም ጌጥ ወደ ትምህርት ቤት አትላኩ። ቤት ይቀመጥ። ልጁ ሳንቲሙን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ነጭ ወረቀት ያለብሰውና በእርሳስ ጎን ቀስ እያለ ያሸዋል። ምስሉ ወረቀቱ ላይ ይወጣል። ስብስባችን የሚሠራው በዚህ ወረቀት ነው። ተራ ሳንቲም ማምጣት የሚፈልግ ያምጣ፤ በስሙ ፖስታ ውስጥ ይቀመጥለትና ይመለስለታል።

ሳንቲሙን አትጠቡት፣ አታሹት። እንግዳ ይመጣል ብለን ዕቃ እንደምናፀዳ በአመድ፣ በሎሚ ወይም በጥርስ ሳሙና ማብረቅ ያምረን ይሆናል። ምስሉ ይፋቃል፤ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። የጠቆረው እንደጠቆረ ይቆይ። ሲይዙትም ጠርዙን ይያዙ።

አሮጌ ሳንቲም እንደምትሰበስቡ የሰማ ሰው ልግዛ ብሎ ሊመጣ ይችላል። ውሳኔው የባለቤቷ ነው፤ የእናት ወይም የአያት። እኔ ግን አትሸጡ እላለሁ። ቅርስ የሆነን ዕቃ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በሕግ የተከለከለ መሆኑንም አስታውሱ።

ልጁ ምን ይጠይቅ? ጥያቄዎቹን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዘናል፤ ዋናዎቹን ግን እዚህ ልጥቀስ። ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷ የሆነ ገንዘብ በእጇ የያዘችው መቼ ነው? በምን ሥራ አገኘችው? ምን ገዛችበት? በአንድ ስሙኒ ምን ምን ይገዛ ነበር? ገንዘቧን የት ትደብቅ ነበር? ዕቁብ ትገባ ነበር ወይ? ዕጣ ሲደርሳትስ ምን አደረገችበት? ከእነዚህ ሁለቱን ብቻ ብትመልስ ይበቃል። ማውራት የማትፈልገው ነገር ካለ ልጁ አያስጨንቃት። ረሃብና ስደት ያለበት ትዝታ ስላለ፣ በእንባ የሚመለስ ጥያቄም አለና፣ ትልቅ ሰው አጠገባቸው ቢሆን እመርጣለሁ።

እናቶች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ልጁ ሲጠይቃችሁ «እኔ ደግሞ ምን ታሪክ አለኝ» አትበሉ። ቀፊራ ገበያ በጠዋት ወርዳችሁ የቆማችሁበት ታሪክ ነው። ከዘይትና ከስኳር ቀንሳችሁ ደብተር የገዛችሁበት ታሪክ ነው። ልጃችሁ ይህን ከእናንተ አፍ ሰምቶ በገዛ እጁ ሲጽፍ፣ ስለ ሥራና ስለ ገንዘብ እኛ በዓመት የማናስተምረውን ይማራል።

አባቶችም ከዚህ ውጭ አይደላችሁም። እናታችሁ በሕይወት ካለች ልጁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ስልክ መደወልም ይቻላል። ካለፈች እናንተ የምታስታውሱትን ንገሩት። ከጫት ሰዓት አንድ ከሰዓት በኋላ ለዚህ ቢተርፍ ልጁ አይረሳውም።

እናት ወይም አያት አጠገባቸው የሌሉ ልጆች አሉን። ከአክስት፣ ከአሳዳጊ ወይም ከጎረቤት እናት ጋር መሥራት ይችላሉ። መምህራኑ ይህን ለክፍሉ ሁሉ እኩል ነው የሚነግሩት፤ አንድም ልጅ ተለይቶ አይጠየቅም። የሚከብደው ልጅ ካለ እባካችሁ ቢሮዬ መጥታችሁ በግል ንገሩኝ።

ሥራው ከመጪው ሰኞ ይጀምራል፤ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ከዚያ በኋላ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ወረቀቶቹን በግቢያችን ዛፎች ሥር እንዘረጋለን። ቀኑን በልጆቹ ደብተር እናሳውቃለን። የፊቱ ወንበር የአያቶች ነው። መራመድ የሚያቅታቸው ካሉ አስቀድማችሁ ንገሩን፤ ባጃጅ በሩ ድረስ እንዲገባ እናደርጋለን። ቡናውን የምናፈላው እኛ መምህራን ነን። እናቶች በዚያ ቀን ምንም ይዘው እንዳይመጡ እለምናለሁ፤ ዳቦም ቢሆን።

የልጁ ጽሑፍ ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ መፍቀዳችሁን ወይም አለመፍቀዳችሁን ከታች ባለው ቅጽ ላይ ምልክት አድርጉ። ፈቃዱን የምትሰጠው ታሪኳን የተናገረችው እናት ራሷ ናት፤ መፈረም የማትችል ከሆነ በጣት አሻራ ይሆናል። ቅጹን እስከ ዓርብ በልጁ እጅ ላኩልን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር