ወረቀት ነው የምፈልገው

ልጄ፣ እንደምን ከረምሽ? እኛ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። አባትሽ ሰላም ይልሻል። ያ ጉንፋንም ለቆታል፣ አብሽሪ።

ባለፈው በስልክ ያልሽኝን ሳወጣ ሳወርደው ሰነበትኩ። «እማየ፣ ለሥዕልሽ ዛሬ ከሰል፣ ነገ የውሃ ቀለም፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ቡና። አንዱን ያዢና በእሱ ጎበዝ ሁኚ» ነበር ያልሽኝ። ቀጥለሽም የዘይት ቀለም ሙሉውን ልግዛልሽ አልሽ። አላህ ይስጥሽ። በስልክ ግን ነገር ይቆራረጣል። አንቺ ሥራ ላይ ነሽ፣ ኔትወርኩም አያስወራም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ ብያለሁ።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የምስለው ከመስኮታችን የሚታየውን ነው። የጦሳን ተራራ፣ ከሥሩ የተደረደረውን የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ባሕር ዛፉን፣ ወደ ሆጤ የሚወስደውን መንገድ። የምስለው ያው ነው። የሚቀያየረው የምስልበት ነገር ነው። እሱን በቀየርኩ ቁጥር ደግሞ ያው ጦሳ ሌላ ነገር ያሳየኛል። ከሰል ስይዝ ዓይኔ ጥላ ይፈልጋል። የውሃ ቀለም ስይዝ ጉሙን አያለሁ። አክሪሊክ የሚባለውን ቀለም ስይዝ ጣሪያውን። ደሴ ተወልጄ፣ እዚሁ አስተምሬ፣ እዚሁ አንቺን ወልጄ፣ የጦሳ ጥላ ከሰዓት በኋላ በየትኛው ሰፈር በኩል እንደሚመጣ ያወቅኩት ከሰል ከያዝኩ በኋላ ነው። አንዱን ይዤ ብቀር ሌላው ሁሉ ያመልጠኝ ነበር።

ስለ ከሰሉ ጠይቀሽኝ ነበር። ከማንደጃ የሚወጣው ከሰል ለዚህ አይሆንም፣ ወረቀቱን ይቧጭራል። እኔ ራሴ ነው የማከስለው። ቀጫጭን ቅርንጫፍ ልጬ፣ እርሳስ እርሳስ አሳክዬ እቆራርጥና የቲማቲም ድልህ ጣሳ ውስጥ እጠቀጥቀዋለሁ። ክዳኑን ግጥም አድርጌ ዘግቼ በሚስማር አንድ ቀዳዳ እበሳለሁ። እንጀራ ጋግሬ ስጨርስ ፍሙ ውስጥ እቀብረዋለሁ። በቀዳዳው ጭስ መውጣቱን ሲያቆም ደርሷል ማለት ነው። ጣሳው ሳይቀዘቅዝ ግን አይከፈትም። አየር ካገኘ ይነድና አመድ ይሆናል። ላጲሱ ደግሞ የዳቦ ልብ ነው፤ በጣትሽ ድብልብል አድርገሽ ጠቅ ጠቅ ስታደርጊው ከሰሉን ያነሳዋል። በዚህ ከሰል አይጠየፍ አዳራሽን ሳልኩት። ንጉሥ ሚካኤል ካሠሩት ጊዜ ጀምሮ ስንት ሰው የገባበትን ቤት በጥቁርና በነጭ ብቻ ሳየው፣ ትልቅነቱ ያኔ ገባኝ። ስትመጪ አሳይሻለሁ።

የውሃ ቀለም ሌላ ነገር ነው። ነጭ ቀለም አልጠቀምበትም። ነጩ ራሱ ወረቀቱ ነው። ስለዚህ ብርሃን እንዲሆን የምትፈልጊውን ቦታ ከመጀመሪያው ሳትነኪ ትተያለሽ። ከፈዛዛ ተነስተሽ ወደ ደማቅ ትሄጃለሽ። ወደ ኋላ መመለስ የለም። ለደሴ ክረምት ደግሞ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። ነሐሴ ላይ ጉሙ ጦሳን ሲውጠው ታውቂዋለሽ። ወረቀቱን በስፖንጅ አርሰዋለሁ። ከላይ በኩል ጠቆር ያለ ሰማያዊ ጠብ አደርግበታለሁ። ከዚያ እጄን እሰበስባለሁ። ቀለሙ ራሱ በእርጥቡ ላይ እየተጓዘ ወደ ታች ይወርዳል፣ ጠርዙ ይጠፋል፣ ጉም ይሆናል። በብሩሽ ልርዳው ካልሽ ይበላሻል። ሲደርቅ እንደሚፈዝም አስቀድመሽ ማወቅ አለብሽ። እርጥብ ሆኖ ትንሽ የጠቆረ ከመሰለሽ ልክ ነው፣ ተዪው።

አክስትሽ ጋ ኮምቦልቻ ስወርድ ደግሞ ያው ቀለም ጠባዩ ይለወጣል። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፣ ግን የሐረጎን ቁልቁለት ጨርሰሽ ስትወርጂ ሙቀቱ ይቀበልሻል። እዚህ ሻይ ጠጥቼ እስክመለስ እርጥብ የሚሆነው ወረቀት እዚያ እጄ ላይ እያለ ይደርቃል። ስለዚህ ኮምቦልቻ ላይ ጉም አልስልም። የሚስማማው ቶሎ ቶሎ የሚደራረብ ነገር ነው። የቦርከናን ወንዝ ዳርና ዛፎቹን፣ አንዱን ቀለም በደረቀው በሌላው ላይ እየደረብኩ ሳልኳቸው። አክስትሽ አንዱን ወስዳ ሳሎን ሰቅላዋለች።

አሁን ዋናውን ላጫውትሽ። ቀለሙን ራሴ መሥራት ጀምሬያለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ሰኞ ገበያ ነው። የውሃ ቀለምን ወረቀት ላይ የሚያጣብቀው የግራር ሙጫ እንደሆነ አነበብኩ። በዓለም የሚሸጠው የውሃ ቀለም አብዛኛው የሚሠራው በዚህ ነው። ታዲያ ግራር ያለው እኛ ጋ አይደል ወይ? ዕጣን ሻጮቹን እየዞርኩ ጠየቅኩና አገኘሁ። አንቺም ብትገዢ አስቀድመሽ ፈትኚው። አንዷን ፍንካች ውሃ ውስጥ ጣይ። የግራር ሙጫ ከሆነ ቀስ ብሎ ጥርት ብሎ ይሟሟል። ዕጣን ከሆነ ውሃውን ወተት አስመስሎ ያደፈርሰዋል። አንድ እጅ ሙጫ ለሁለት እጅ ሙቅ ውሃ አደርግና አሳድረዋለሁ። ጠዋት በነጠላ ቁራጭ አጠልለዋለሁ። ጥቂት ማር እጨምርበታለሁ፣ ቀለሙ ደርቆ እንዳይሰነጣጠቅ። ሻጋታ እንዳይበላውም ቅርንፉድ ጣል አደርግበታለሁ።

ቀለሙ ደግሞ አፈር ነው። ሐረጎ ላይ ከመንገዱ ዳር ቀላ ያለ አፈር በፌስታል ይዤ መጣሁ። ባልዲ ውስጥ በውሃ በጥብጬ ለአፍታ እተወዋለሁ። አሸዋውና ጠጠሩ ይዘቅጣል። ድፍርሱን ውሃ ብቻ ወደ ሌላ ዕቃ እገለብጣለሁ። ያ ደግሞ ሲያድር ከሥሩ የሚተኛው ልም ጭቃ ነው የሚፈለገው። አደርቀዋለሁ፣ እፈጨዋለሁ፣ እነፋዋለሁ። ከዚያ መስታወት ላይ ከሙጫው ጋር በጠፍጣፋ ድንጋይ ማሸት ነው። መጀመሪያ ላይ ድንጋዩ ሲሄድ ኮርኮር የሚል ድምፅ ይሰማል። ድምፁ እስኪጠፋ ማሸት ነው። ክንድ ይዝላል፣ ግን ደስ የሚል ድካም ነው።

ልጄ፣ ያንን አፈር ቀይ ያደረገው ብረት ነው። ከአየርና ከውሃ ጋር ተዋህዶ የዛገ ብረት። ጣሪያችን ላይ ያለው ዝገትም ያው ነው። እኔ ለዓመታት የሰፈሩን የዛጉ ቆርቆሮዎች ቀለም በሱቅ ቀለም ላገኘው ስደባልቅ ነበር። ከሐረጎ የመጣውን አፈር ስቀባው ያለ ምንም ድብልቅ ቁርጥ እሱን ሆነ። ከደስታዬ ብዛት አባትሽን ከሰላቱ እስኪነሳ ጠብቄ እጁን ይዤ አመጣሁት። እሱም መስኮቱን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ «ይሄማ የእኛ ቤት ጣሪያ ነው» አለ።

ጥቁሩን ያገኘሁት ከምጣዱ ሥር ነው። ጥላሸት። ይሄ እንኳ አዲስ ነገር አይደለም። አያትሽ ልጅ ሆነው ቁርኣን ሲቀሩ ለውህ በሚባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ የሚጽፉበትን ቀለም ከጥላሸትና ከሙጫ ይበጠብጡ ነበር። ትምህርቱ ሲያዝ ሰሌዳውን አጥበው ሌላ ይጽፉበታል። በብራና የሚጽፉት የቤተ ክርስቲያን ቁም ጸሐፊዎችም ጥቁር ቀለማቸውን ከጥላሸት ነው የሚሠሩት። ወሎ ውስጥ ሸኹም ቄሱም ከአንድ ዓይነት ምጣድ ሥር የተፋቀ ጥቁር ሲጽፉበት መኖራቸውን ሳስብ ልቤ ይሞላል። እኔም ያንኑ ይዤ ጦሳን እየሳልኩ ነው።

ሁሉም ነገር ግን ቀለም አይሆንም። እርድ ሞክሬ ነበር። ሲቀባ የሚያምር ቢጫ ነው፣ የመስከረም አደይ ይመስላል። እኔ ግን አስተማሪ ነበርኩና መፈተን እወዳለሁ። እርዱንና ቀዩን አፈር ጎን ለጎን ቀባሁና እኩሌታቸውን በካርቶን ሸፍኜ ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ላይ ለጠፍኳቸው። ሳምንታት ቆይቼ ካርቶኑን ሳነሳ፣ ፀሐይ ያገኘው እርድ ነጥቷል። አፈሩ ግን የተሸፈነውም ያልተሸፈነውም አንድ ነው። ስለዚህ እርዱን ለወጥ ትቼዋለሁ።

ቡናውም ፀሐይ አይወድም፣ ግን እሱን አልተውኩትም። ምክንያቱም ሦስቱ ቀለም ተዘጋጅቶ ነው የሚመጣልሽ። ከአቦሉ ሲኒ ውስጥ የቀረውን ለደማቁ፣ ቶናውን ለመካከለኛው፣ በረካውን ለፈዛዛው። ጎረቤቶች ቡና ሊጠጡ ሲመጡ ሲኒዎቹን አላስነሳም። እዚያው እያወራን አንዷን እስላታለሁ። ሠዓሊ ለመሆን ማጥናት የጀመረ ሰው ሁሉ ስለ ብርሃንና ጥላ ደረጃ ብዙ ያነብባል። ቡና ላይ ቁጭ ብሎ ቢሞክረው ቶሎ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። የተሳለውን ግን ከፀሐይ ራቅ አድርጌ ደብተር ውስጥ ነው የማስቀምጠው።

ያቺ ስፌት የምትሰፋው ጎረቤታችንን ታስታውሻታለሽ? እሷም አንድ ነገር አስተምራኛለች። ቀዩን አለላ ከአረንጓዴው አጠገብ ስትሰፋው ቀዩ የበለጠ ይቀላል፣ ከቡናማው አጠገብ ስታደርገው ደግሞ ይሞታል። ትምህርት ቤት ሳትገባ ይሄንን በእጇ ታውቀዋለች። አሁን ለሞሰቧ ቀለም ስትመርጥ ትጠራኛለች። አብረን አለላውን መሬት ላይ ዘርግተን ስንከራከር ጀንበር ይጠልቃል።

አክሪሊኩን አንቺ ራስሽ ነሽ የላክሽልኝ። ጥሩ ነው። ውሃው ሲተን ፕላስቲክ ሆኖ ይቀራል፣ ሁለተኛ አይሟሟም። ብሩሹን ወዲያው ካላጠብሽው ደህና ሰንብት ነው። የምጠቀምበት ለጣሪያ ነው፤ በጥቁሩ ላይ ብርሃኑን ደርቦ መቀባት ይቻላልና። የኮምፔንሳቶ ቁራጭ የግድግዳ ነጭ ቀለም ቀብቼ እሥልበታለሁ።

አሁን ወደ ዘይት ቀለሙ ልምጣ። ጠልቼው አይደለም። ቀለሙን የሚያጣብቀው የተልባ ዘይት መሆኑን ሳውቅ እንዲያውም ጓጉቼ ነበር። የተልባ ዘይት ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ይጠነክራል፤ ምግብ የምንሠራበት የፓልም ዘይት ግን ቢከርምም አይደርቅም። ችግሩ ቤታችን ነው። ማቅጠኛው ይሸታል፣ አባትሽ ደረቱ ስስ ነው፣ የምሥለውም እሱ በሚተኛበት ክፍል ነው። ሥዕሉ ደግሞ ላዩ ቢደርቅም ውስጡ ወራት ይፈልጋል። አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ፣ አንቺ ጋ የሚሠራበት ጓደኛ ካለሽም ንገሪው። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨብጦ ቅርጫት ውስጥ ከተጣለ በራሱ ሞቆ እሳት ሊያነሳ ይችላል። ክብሪት አያስፈልገውም። ዘርግቶ ማድረቅ ወይም ውሃ ውስጥ መንከር ነው።

«በአንዱ ጎበዝ ሁኚ» ላልሽው ደግሞ፣ ጎበዞቹንም ተመልከቻቸው። አፈወርቅ ተክሌ ሸራ ላይ ይሥሉ ነበር፣ ሐውልት ይቀርጹ ነበር፣ አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ደግሞ 150 ካሬ ሜትር የሆነ የመስታወት ሥራ አላቸው። ብርሃን ከኋላው ገብቶ ነው ቀለሙ የሚታየው። አዲስ አበባ ነሽና ዕድሉን ካገኘሽ ገብተሽ እይልኝ። ለማ ጉያም በፍየል ቆዳ ላይ ይሥሉ ነበር። ከእነሱ ጋር ራሴን አላስተካክልም፣ እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ የምሥል እናት ነኝ። ግን እነሱም አንድ ነገር ይዘው አልተቀመጡም።

ስለዚህ ለዘይት ቀለሙ ያሰብሽውን ገንዘብ ወረቀት ግዢልኝ። እዚህ የማገኘው የፎቶ ኮፒ ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም ነው፤ ውሃ ሲነካው ይኮማተራል፣ ሁለተኛ ዙር ቀለም አይችልም። እኔ የምፈልገው 300 ግራም የሚለውን ነው፣ ለውሃ ቀለም የሚሠራውን። ከጥጥ የተሠራ ካገኘሽ ውድ ቢሆንም ትንሽ ይሁንና እሱን አድርጊው። ከቀለሙ የወረቀቱ መጥፎነት ነው ሥዕል የሚያበላሽ። ያ የነሐሴ ጉም ጥሩ ወረቀት ላይ ሲሆን ምን እንደሚመስል እስካሁን አላየሁትም፤ ለሚመጣው ክረምት ማየት እፈልጋለሁ።

በአውቶቡስ ስትልኪው ጠቅልለሽ አትላኪው፣ አይዘረጋም። በሁለት ካርቶን መሃል አድርገሽ እሰሪውና ሌላ ዕቃ እንዳይጭኑበት ለረዳቱ ንገሪው። አባትሽ ፒያሳ ወርዶ ይቀበለዋል።

እናትሽ