ጦርነትን ለሚተነትኑ ሁሉ የመርዶ ነጋሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በአገራችን ሰው ሲሞት ወሬው እንዲሁ አይነገርም። መርዶ ከመነገሩ በፊት ሟቹን ማን እንዳየው፣ ማን እንደቀበረውና የት እንደተቀበረ ይጣራል፤ ከተጣራም በኋላ ሽማግሌዎችና የቅርብ ዘመዶች ተመካክረው ጎሕ ሲቀድ፣ ቤተሰቡ ከመበተኑ በፊት በር ያንኳኳሉ። ከጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት ጀምሮ ስለ ሰሜኑ ጦርነት በዩቲዩብና በፌስቡክ «የውስጥ መረጃ ደርሶኛል» እያሉ የሚተነትኑ ሰዎች ይህን ጥንቃቄ ጨርሶ ጥለውታል፤ እያየሁ ዝም ማለት ስለከበደኝ ይህን ደብዳቤ ጻፍሁ።

በሰፈራችን አንዲት እናት አሉ። ልጃቸው በሰሜን ዕዝ ወታደር ነበር፤ ዕዙ ከተጠቃበት ሌሊት ወዲህ ድምፁን አልሰሙም። በትግራይ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለነበር የሚጠይቁት ሰው አልነበረም፤ የሚነግራቸው የተገኘው ከባሕር ማዶ ሆኖ በየምሽቱ በቀጥታ ስርጭት የሚቀርብ አንድ ተንታኝ ብቻ ነበር። ሰውዬው ዕዙ የተመታው በሁለቱ ወገን ባለሥልጣናት ስውር ስምምነት እንደሆነ፣ ሞቱ የተባሉት ወታደሮችም ለድርድር መያዣ ተደርገው ከመሬት በታች በተሠራ እስር ቤት በሕይወት እንዳሉ ይናገር ነበር። ስማቸውን ነገ ማታ እገልጻለሁ ይላል፤ ሲነጋ ደግሞ ቀጠሮው ለሌላ ማታ ይተላለፋል። ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ የልጁ የጦር ጓድ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ፣ በገዛ እጁ እንደቀበረው ለእድራችን ሽማግሌዎች ነግሮ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ሽማግሌዎቹ በማለዳ ሲሄዱ አብሬ ሄድሁ። እናትየዋ አላለቀሱም። ስልካቸውን ከመቀነታቸው ፈትተው አወጡና «ተሳስታችኋል ልጆቼ፤ እኚህ ሰው በሕይወት አሉ ብለዋል» አሉን። እስከ ዛሬ ለቅሶ አልተቀመጡም፤ ተስካሩም አልወጣም።

ሴራ ተንታኝ ሁልጊዜ ከባዶ አይነሣም፤ የሚያስፈራውም ይህ ነው። በመስከረም 2014 ዓ.ም. የዓለም ምግብ ፕሮግራም፣ ከሐምሌ ወዲህ ዕርዳታ ጭነው ትግራይ ከገቡት ከ400 በላይ የጭነት መኪኖች የተመለሱት 38 ብቻ መሆናቸውን አስታወቀ። መኪኖቹ የት ደረሱ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነበር። የፌዴራል መንግሥቱ ሕወሓት ተዋጊ ያመላልስባቸዋል ሲል ከሰሰ፤ ሕወሓት በበኩሉ ነዳጅ እንደሌለና ሾፌሮቹም በመንገድ ላይ እንደሚዋከቡ ተናገረ። ለማወቅ የፈለገ ሰው ሾፌሮቹን ፈልጎ ይጠይቅ ነበር። በየስልካችን የሰማነው ግን ስንዴው ጥይት፣ ሾፌሩ ሰላይ፣ የዕርዳታ ሠራተኛው በሙሉ የውጭ ኃይል ተላላኪ እንደሆነ ነው፤ ለዚህም ማስረጃ ተደርጎ የሚቀርበው ያው 38 የሚለው ቁጥር ነበር። በዚያው ወራት አንደኛው ወገን የማይካድራን፣ ሌላኛው ወገን የአክሱምን ግድያ ጠላት ያቀነባበረው ፈጠራ ነው ሲል አዳምጠናል። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ሁለቱንም መርምሮ በማይካድራ ቢያንስ 600፣ በአክሱም ከ100 በላይ ሲቪሎች መገደላቸውን አረጋግጧል። የገዛ ወንድሙን የቀበረ ሰው «አልሞተም፣ ድራማ ነው» ሲባል መስማቱ ሁለተኛ በደል ነው።

ለዚህ ሁሉ ተንታኞቹን ብቻ መውቀስ ግን ሐቅ አይሆንም። የትግራይ ጊዜያዊ አስተዳደር የሞቱ ተዋጊዎችን ቤተሰቦች በይፋ ያረዳው በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ነው፤ ጦርነቱ በስምምነት ከቆመ አንድ ዓመት ሊሞላው ሲል ማለት ነው። በፌዴራል በኩል ደግሞ የወደቁ ወታደሮች ስም ዝርዝር ለሕዝብ ሲነገር እኔ አልሰማሁም። መርዶ ማርዳት የነበረበት አካል ዝም ባለበት ቤት፣ ያለ ማስረጃ የሚያወራ ሰው ገብቶ ቢሰማ አይደንቅም። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨን ሰው እስከ ሦስት ዓመት ያስቀጣል። እኔ ግን በእስር አላምንም፤ ብዙዎቹ ተንታኞች ከአገር ውጭ ናቸው፣ አገር ውስጥ ያለው ቢታሰርም «እውነቱን ስለተናገረ ነው» ተብሎ ተሰሚነቱ ይጨምራል። የሚበጀው የሞቱትንና የጠፉትን በስማቸው መዝግቦ ለቤተሰብ ማሳወቅ ነው።

ጋዜጣችሁንም አንድ ነገር እለምናለሁ። በጦርነቱ ጊዜ በስፋት የተነገሩ የሴራ ወሬዎችን እየመረጣችሁ፣ ማን መቼ ምን እንዳለና በኋላ የተረጋገጠው ምን እንደሆነ ጎን ለጎን የምታወጡበት ቋሚ አምድ ክፈቱ። ተንታኞቹ በቀጥታ ስርጭት የተናገሩትን ሲያጠፉት ይጠፋል፤ በጋዜጣ የታተመ ግን ይቀመጣል።

የልጁ የጦር ጓድ ሰሞኑን ፈቃድ አግኝቶ እንደሚመጣ ነግሮናል። ሽማግሌዎቹ በመጪው እሑድ ማለዳ እሱን ራሱን ይዘው ወደ እናትየዋ ቤት እንደገና ሊሄዱ ተስማምተዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ