አሥራ አንድ ዓመት ያልተጠየቀ ጥያቄ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ አንጎልና ስለ አዳዲስ ሕክምናዎቹ ያወጣችሁት ጽሑፍ ከታተመ ወራት አልፈውታል። የዘገየሁት ወድጄ አይደለም። ደብረ ብርሃን ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ጋዜጣ የምገዛው አሮጌውን በኪሎ ነው። የእጅጌና የኮሌታ ሞዴል የማወጣበት እሱ ነው። መቀሱን ላሳርፍ ስል ገጹ መሃል የራስ ቅል ሥዕል አየሁ፤ ሽቦ ገብቶበታል። ቆሜ አነበብኩት። ደንበኛዬ «ኧረ ቀሚሴስ?» እስክትለኝ ድረስ።

ጽሑፉ ጥሩ ነው። በጥር 2024 እ.ኤ.አ. ኒውራሊንክ የተባለው ኩባንያ ከትከሻው በታች መንቀሳቀስ የማይችል ወጣት አንጎል ውስጥ ቺፕ እንዳስገባና ልጁ በሐሳቡ ብቻ ኮምፒውተር ላይ ቼዝ እንደተጫወተ ጽፋችኋል። የሚጥል በሽታ ላለባቸውም ራስ ቅል ውስጥ ተቀምጦ የአንጎልን ኤሌክትሪክ ሌት ተቀን የሚያዳምጥ፣ በሽታው ሊነሣ ሲል ቀድሞ የሚያቋርጥ መሣሪያ አሜሪካ ውስጥ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንደተፈቀደ ነግራችሁናል። ላደረጉት ሰዎች እግዜር ይስጥልን።

እኔ ግን የሚጥል በሽታ ያለባት ልጅ እናት ነኝና ጽሑፉን ስጨርስ ቅር አለኝ። እኔ ቤት የደረሰው አዲስ ምርምር ሽቦ የለውም፤ ልጄ ጠዋትና ማታ ስለምትውጠው ክኒን ነው። ስለ እሱ አንድ መስመር እንኳ ባገኝ ብዬ ገጹን ሁለቴ አየሁት። የለም።

ልጄ ዘንድሮ 25 ዓመቷ ነው። በ2006 ዓ.ም.፣ የ14 ዓመት ልጅ ሳለች፣ ጠዋት ጠዋት ዕቃ ከእጇ ያመልጣት ጀመር። ስኒ፣ ብርጭቆ፣ አንዴ ደግሞ ሻይ የሞላ ፔርሙስ። ክንዷ በድንገት ብርግግ ይልና ዕቃው መሬት ነው። «ቀልብሽ የት ሄዶ ነው?» እያልኩ እቆጣት ነበር። አንድ ቀን መትቻታለሁም። በሽታዋ እንዲያ ብሎ እንደጀመረ ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ስለሆነ ያን ቀን ሳስበው ዛሬም እጄ ይከብደኛል።

ሚኒስትሪ ልትፈተን ሰሞን ሌሊቱን ስታጠና አድራ ሄዳ፣ ጠዋት ሰልፍ ላይ ወደቀች። ተማሪው ሸሸ፤ ዘበኛው ክብሪት ጭሮ አፍንጫዋ ሥር አጨሰላት። ደግ ሰው ነው፤ ያየውን ነው ያደረገው። ጢሱ ግን ከማሳል በቀር የሚያመጣው ነገር የለም። በሁለተኛው ጊዜ የወደቀችው ቡና እየፈላ ከሰሉ ላይ ነው። ግራ ክንዷ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያን ቀን ነው፤ እጅጌ አጭር ልብስ ሰፍቼላት አላውቅም። ጠበልም ወስጃታለሁ፤ አሁንም እንሄዳለን። በኋላ ያገኘናቸው አንድ አባት «ክኒኗን ይዛችሁ ኑ፣ ውጣ ትጠመቅ» ማለታቸውን ሳልጽፍ ባልፍ ይቆጨኛል።

ከዚያ አንድ ሆስፒታል ቫልፕሮዬት የሚባል ክኒን ታዘዘላት። መውደቋ ቆመ። ትምህርቷን ጨረሰች፣ አካውንቲንግ ተመረቀች፣ ሥራ ያዘች። የክኒኑን ውለታ አልክድም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እየተመላለስን አንድ ጥያቄ ብቻ ስንጠየቅ ኖርን፦ «ጥሏት ያውቃል?» «አይ፣ ተመስገን።» ካርዱ ላይ ይጻፋል፣ ማዘዣው ይቆረጣል፣ እንወጣለን።

ዘንድሮ ጥር ላይ ሽማግሌ ተላከብኝ። ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ባለው ሌሊት አልተኛሁም። ስለ በሽታው ልናገር ወይስ ዝም ልበል? ጠዋት ልጄን ስጠይቃት ሳቀችብኝ። «እማ፣ እሱ ከነገርኩት ሁለት ዓመት ሆነው። እንቅልፍ ያጣሁ ቀን ካፌ ውስጥ ማኪያቶ ሱሪው ላይ ደፋሁበት፤ ያኔውኑ ነው የነገርኩት።» እኔ እንደ ሌባ የደበቅሁትን እሷ በማኪያቶ ጨርሳዋለች።

የካቲት ላይ ለተለመደው ማዘዣ ሄድን። አዲስ የተመደበች ወጣት ሐኪም ናት። ካርዱን አገላበጠችና ልጄን እንዲህ አለቻት፦ «እህቴ፣ ልጅ መውለድ ታስቢያለሽ?» እኔ ደነገጥኩ፤ ምን አገባት ብዬ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «እናቴ፣ ስለዚህ መድኃኒት ከአሁን በፊት የነገራችሁ ሰው የለም?» አለች።

የነገረችን ይህ ነው። ቫልፕሮዬት ሲወሰድ ከተረገዙ 100 ሕፃናት 10 ያህሉ የአካል ጉድለት ይዘው ይወለዳሉ። ከእነዚህ አንዱ ጀርባው፣ አከርካሪው ላይ፣ ሳይዘጋ የሚወለድበት ጉድለት ነው። ከ100 ውስጥ ከ30 እስከ 40 የሚሆኑት ደግሞ መልካቸው ሙሉ ሆኖ ንግግራቸው፣ ትምህርታቸው፣ ጠባያቸው ላይ ችግር ይገጥማቸዋል። የሕፃኑ አከርካሪ የሚዘጋው ከተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ስለሆነ ሴትየዋ «አረገዝኩ መሰለኝ» ስትል ነገሩ አልፏል። ስለዚህ ጥያቄው ከሠርግ በኋላ የሚጠየቅ አይደለም፤ ገና ክኒኑ ሲታዘዝ፣ በ14 ዓመቷ፣ መጠየቅ ነበረበት።

ቤት ገብተን ልጄ ስልኳን ይዛ እያነበበች ተረጎመችልኝ። የመድኃኒቱ ታሪክ ራሱ ይገርማል። በ1882 እ.ኤ.አ. የተሠራ ፈሳሽ ነው፤ ሰማንያ ዓመት የሌሎች ኬሚካሎች ማሟሟቻ ሆኖ ኖረ። ከዚያ ፈረንሳይ፣ ግሬኖብል ውስጥ፣ ተመራማሪዎች የተለያዩ ኬሚካሎችን በእሱ አሟሙተው ሲሞክሩ ሁሉም መንቀጥቀጥን ያቆማሉ። ቢያጣሩት የሚሠራው ማሟሟቻው ኖሯል። ወጡ ጣፈጠ ብለው ቅመሙን ሲያመሰግኑ ለካ ድስቱ ነው! ይህ የታወቀው በ1963 እ.ኤ.አ. ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ ያው የፈረንሳይ መንግሥት በዚህ መድኃኒት ለተጎዱ ልጆች ካሣ መክፈያ ዘረጋ። ይህን ያስገደደችው አንዲት እናት ናት፤ ማሪን ማርታን ትባላለች። የሚጥል በሽታ አለባት፤ ሁለቱም ልጆቿ በማኅፀን ሳሉ ቫልፕሮዬት ደርሷቸዋል። በ2011 እ.ኤ.አ. የተጎጂ ወላጆች ማኅበር አቋቁማ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደች። ይህን ሴትዮ ሳላውቃት ወደድኳት።

እንግሊዝ በ2018 እ.ኤ.አ. ልጅ መውለድ የምትችል ሴት የእርግዝና መከላከያ ሥርዓት ውስጥ ሳትገባ ይህ መድኃኒት እንዳይሰጣት ወሰነች። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 እ.ኤ.አ. ለመውለድ ዕድሜ ላይ ላሉ ሴቶችና ልጃገረዶች እንደማይመከር በግልጽ አውጥቷል። በውጭ አገር ማስጠንቀቂያው ፓኮው ላይ በሥዕል ጭምር ይታተማል አሉ። እኛ ክኒኑን የምንገዛው ከስትሪፕ ላይ እየተቆረጠልን በወረቀት ተጠቅልሎ ነው። ፓኮው ከመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ አይወርድም። ሥዕሉ ቢኖርስ ማን አየው?

ደስ የሚለው ወሬ ደግሞ አለ። አሜሪካ ውስጥ በ20 ማዕከላት ነፍሰ ጡሮችን የተከታተለ ጥናት በ2020 እና በ2021 እ.ኤ.አ. ውጤቱን ማውጣት ጀመረ። አብዛኞቹ እናቶች የሚወስዱት ላሞትሪጂን ወይም ሌቬቲራሲታም የሚባሉትን አዳዲሶቹን መድኃኒቶች ነበር። ልጆቻቸው ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ንግግራቸው ሲለካ በሽታው ከሌለባቸው እናቶች ልጆች አልተለየም። እናቶቹም በእርግዝና ምክንያት ጥቃቱ አልበዛባቸውም፤ ብቻ ሰውነታቸው መድኃኒቱን ቶሎ ስለሚያስወግድ ከአራት ሦስቱ ያህል መጠኑ ተስተካክሎላቸዋል። ይህ ለእኔ ከቺፑ ይበልጣል። ቼዝ መጫወት ለሚፈልግ ቼዙ ይሁንለት፤ እኔ የልጅ ልጅ ነው የምፈልገው።

ነገሩ ግን ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሐኪሟ ያልደበቀችን ሌላ እውነት አለ። በ2021 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ የወጣ ትልቅ ጥናት ቫልፕሮዬት እንደ ልጄ ዓይነቱን፣ ከመላው አንጎል የሚነሣውን በሽታ፣ ከሌቬቲራሲታም በተሻለ እንደሚያቆም አሳይቷል። አሮጌው ለእናቲቱ ይሻላል፣ አዲሱ ለሕፃኑ ይሻላል ማለት ነው። የወደቀች እናት ደግሞ ለጽንሱም አትበጅም። «ምርጫው ያንቺ ነው፤ የእኔ ሥራ ሁለቱን ጎን ማሳየት ነው» አለቻት። ልጄ አንድ ሳምንት አሰበችበት። እጮኛዋን ይዛ ተመልሳ ሄደች፤ እኔን ውጭ አስቀመጡኝ። ትንሽ ከፋኝ፣ ግን ልክ ናቸው።

አዲሱን መረጠች። ክኒኑ በአንድ ቀን አይቀየርም። አዲሱ ቀስ እያለ ይጨመራል፣ አሮጌው ቀስ እያለ ይቀነሳል። ከየካቲት እስከ ሰኔ ፈጀ። በመሃል አንድ ጊዜ ወድቃለች፤ ከአሥር ዓመት በኋላ የመጀመሪያው። ጎኗን አዙሬ አስተኛኋት፣ አፏ ውስጥ ምንም አልከተትኩም፣ ሰዓቴን እያየሁ ጠበቅሁ። ሁለት ደቂቃ ነው፤ ሁለት ደቂቃ ምን ያህል እንደሆነ ግን በዚያ ቀን አወቅሁ። መጀመሪያ ላይ ደግሞ ተናዳጅ ሆናብኝ ነበር፤ በር ሳይቀር ትወረውራለች። ሐኪሟ «መድኃኒቱ ነው፣ እሷ አይደለችም» አለችኝና እየቆየ ለቀቃት። ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ቫይታሚንም ከአሁኑ ትውጣለች።

ዋጋውን በብር አልነግራችሁም፣ በየወሩ ይቀያየራል። በእኔ ሥራ ስለካው የአዲሱ ክኒን የአንድ ወር ዋጋ ሁለት ቀሚስ ነው፤ አሮጌው ግማሽ ቀሚስ አይሞላም ነበር። ሁለቱን ቀሚስ ሰፍቼ ስሄድ ደግሞ «አልቋል፣ ሳምንት ተመለሺ» የሚባልበት ጊዜ አለ። ይህን ክኒን ሳምንት ማቋረጥ ማለት ምን እንደሆነ መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ የሚያውቅ አይመስለኝም። አሁን ሁልጊዜ የአንድ ወር ትርፍ ቤት አለን፤ የሠርጉን ቄጠማ ሳላስብ እሱን አስቤያለሁ።

የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት አስጠንተው በ1990 እ.ኤ.አ. ያወጡት ቁጥር ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለበት ይናገራል። ልጄ ይህን ስታነብልኝ የሠፈሬን ቤቶች በልቤ ቆጠርኩ። ከእነዚያ ውስጥ ስንት ልጃገረዶች ይሆኑ «ጥሏት ያውቃል?» ብቻ እየተባሉ ያሉት? ክኒናቸው ሌላ ቢሆንም የሚጠየቅ አለው፤ ፌኖባርቢታልና ካርባማዜፒን የእርግዝና መከላከያ ክኒንንና ክንድ ላይ የሚቀበረውን ያዳክማሉ። ተከላክያለሁ ብላ የተቀመጠች ልጅ ይህን የምትሰማው ከማን ነው?

አዘጋጁ ሆይ፣ ልለምንዎ። አንድ የነርቭ ሐኪም፣ አንድ የማህፀን ሐኪም፣ አንድ ፋርማሲስት ፈልጉና ስለዚህ ጉዳይ ጠይቁልን። አዲሶቹ መድኃኒቶች ለምን እንደሚጠፉ፣ በጤና መድኑ የሚሸፈኑበት መንገድ ካለም ጠይቁልን። ስትጽፉ ግን ከላይ፣ በትልቁ፣ ይህን አድርጉልኝ፦ ቫልፕሮዬት የምትወስድ ሴት ይህን አንብባ ክኒኗን በራሷ እንዳትጥል። በድንገት ማቆም ሊገድል ይችላል። ነገ ጠዋትም ትዋጥ፤ ከዚያ ሄዳ ሐኪሟን ትጠይቅ። እናቶች ስንደነግጥ መጀመሪያ የምናደርገው መጣል ነውና ነው።

ስሜን አታውጡ። እኔ ግድ የለኝም፣ ልጄም «ስሜ ቢወጣ ምን ይሆናል» ብላለች፤ አማቶቿ ግን ገና አልለመዱንም። ሠርጉ ለጥር ነው። የሠርግ ልብሷን እኔ ነኝ የምሰፋው፤ ክንዷን የሚሸፍን ረጅም እጅጌ ልቆርጥ ስል «አጭር ይሁን፣ እማ» ብላኛለች። ሞዴሉን ለማውጣት ያንኑ የራስ ቅል ሥዕል ያለበትን ገጽ ተጠቀምኩበት፤ አጭር እጅጌ ስለሆነ ግማሹ ተርፏል። የጠየቅኋችሁን ካወጣችሁ ግን ያኛውን አልቆርጠውም።

ልብስ ሰፊ እናት
ከደብረ ብርሃን