የታረቀ ሒሳብ

ይድረስ ለወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትህ? እኔ ከናፍቆትህ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ይህን ስታነብ ስትስቅ ታየኝ። ሦስት ዓመት ድምፁን አጥፍቶ የከረመ ሰው በድሮ የደብዳቤ ወግ ሲመጣ ጥፋቱን ሊሸፍን ነው ትላለህ። ልክ ነህ።

የእናትህን ዜና ዕረፍት የሰማሁት አርባቸው ካለፈ በኋላ ነው። ስልኩን አንስቼ አስቀመጥኩት። በማግስቱም እንደዚያው። ቀኑ በረዘመ ቁጥር የምለው ነገር እያጠረብኝ ሄደ። ከዚያ አንተም መጻፍ ተውክ፤ እኔም ዝምታህን እንደ ፍርድ ተቀበልኩት። ነፍሳቸውን ይማር። እኔን ከአንተ ለይተው አያዩኝም ነበር። ይቅር በለኝ።

አሁን የት ጠፍቼ እንደከረምኩ ልንገርህ። ሰበብ ነው ካልክም በል።

ስንለያይ የጠየቅከኝን ታስታውሳለህ? ስለ ጥናቴ በትልልቅ ቃላት እያወራሁህ ነበር። የተፈጥሮ ሀብት አስተዳደር፣ ልማት፣ አፍሪካ ምናምን። ጥሩ ሕግ ያላት አገር ከማዕድኗ ትጠቀማለች፣ መጥፎ ሕግ ያላት ትመዘበራለች፤ እኔም ሕጎቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ አነጻጽራለሁ አልኩህ። አንተ ሃያ ዓመት ኦዲት የሠራህ ሰው፣ ቀና ብለህ እንኳን ሳታየኝ "ሚዛኑ ማን እጅ ነው?" አልከኝ። የሒሳብ ሰው ነገር ብዬ ናቅኩት።

መጀመሪያ ቻድን ያዝኩ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።) በወረቀት ከሆነ ከቻድ የተሻለ ሕግ አላየሁም። ከዶባ የነዳጅ መስክ እስከ ካሜሩን ባሕር ዳርቻ፣ እስከ ክሪቢ፣ 1,070 ኪሎ ሜትር ቧንቧ ሊዘረጋ ነው። የዓለም ባንክ ገንዘቡንም ስሙንም የማውሳችሁ የገቢ ሕግ ስታወጡ ነው አለ። ሕጉ በ1999 ወጣ። ከገቢው 10 በመቶ ለመጪው ትውልድ ይቀመጣል። ከቀሪው አብዛኛው ለጤና፣ ለትምህርትና ለመሰል ሥራዎች ይውላል። 5 በመቶ ነዳጁ ለሚወጣበት አካባቢ ይሰጣል። ከመንግሥት ውጭ ያሉ ሰዎች የተቀመጡበት ተቆጣጣሪ ኮሚቴም አለ። አንብቤ ስጨርስ ልነሳና ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝ።

ነዳጁ በ2003 መውጣት ጀመረ። ሦስት ዓመት ሳይሞላው ሕጉ ተሻሻለ። የመጪው ትውልድ ፈንድ ተሰረዘ። ጸጥታ "ቅድሚያ የሚሰጠው ዘርፍ" ተባለና ከጤናና ከትምህርት ጎን ተሰለፈ። ባንኩ አኮረፈ፣ ተመለሰ፣ በመጨረሻ በ2008 ቻድ ብድሯን ከፍላ ስትጨርስ ጥሎ ወጣ። ያወጣው ፓርላማ ራሱ እጁን አንስቶ የሻረውን ሕግ ምን ብዬ ላነጻጽረው? የጥናቴ የመጀመሪያ ምዕራፍ እዚያው አለቀ።

ቀጥሎ ዛምቢያ ሄድኩ። ሁለት ዓመት የዋጠችኝ እሷ ናት።

ታሪኩን በጥቂቱ ስማ። መንግሥት የመዳብ ማዕድኖቹን በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲሸጥ የመዳብ ዋጋ ወድቆ ነበር፤ ዕዳውም አንገቱ ላይ ደርሶበታል። ገዢዎቹ በየግል ውል አስፈረሙ። ሮያሊቲ፣ ማለትም ከሚወጣው ማዕድን ዋጋ ላይ ለመንግሥት የሚከፈለው ድርሻ፣ 0.6 በመቶ። ልብ በል፣ ስድስት በመቶ አይደለም። ውሉ ለረጅም ዓመታት እንዳይነካ የሚያስር አንቀጽም ነበረው። ሕዝቡ ውሉን አላየውም። ከ2003 እስከ 2007 የመዳብ ዋጋ አራት እጥፍ ገደማ ሲያድግ የአገሪቱ ድርሻ እዚያው 0.6 ላይ ቆመ። በ2008 መንግሥት ውሎቹን በአዲስ ሕግ ሻራቸው።

ይህን ሁሉ የማውቀው ከሰነድ ነው። ኪትዌ ከተማ የደረስኩት ሰነዱን ጨርሼ፣ አዋቂ ሆኜ ነበር። እዚያ አንድ መሥሪያ ቤት ለአንዲት ገጽ አባሪ ሦስት ሳምንት አመላለሱኝ። የየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ ይቅር። በሦስተኛው ሳምንት ሰውዬው ሙቀቱ ስላስጨነቀው መስኮቱን ከፈተ። መስኮቱ እንዳይዘጋ የደገፈበትን ወፍራም መጽሐፍ ሳየው የአገሪቱ የማዕድን ገቢ ግልጽነት ሪፖርት ነው። እኔ በየሌሊቱ በኮምፒውተር የማነበው ያው ሪፖርት። ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ሰውዬውም ሳቀ፤ ለምን እንደሳቅኩ ግን አልጠየቀኝም።

ይህ ግልጽነት የሚባለው ነገር፣ አገሮች የማዕድንና የነዳጅ ገቢያቸውን ይፋ የሚያደርጉበት ዓለም አቀፍ ማኅበር፣ ለአንተ አዲስ አይሆንብህም። ሐሳቡ በ2002 ጆሃንስበርግ ላይ ነው የተነሳው፤ የእኛም አገር በ2014 ገብታበታለች። ዋናው ሥራው ሁለት ዓምድ ነው። ኩባንያው "ይህን ከፈልኩ" ይላል፣ መንግሥት "ይህን ተቀበልኩ" ይላል። ገለልተኛ ባለሙያ ሁለቱን ያስታርቃል። እናንተ የባንክ ሒሳብ እንደምታስታርቁት ማለት ነው። ልዩነቱ ትንሽ ሲሆን ሪፖርቱ በደስታ ያበስራል። እኔም ደስ ይለኝ ነበር።

ደስታዬን የነሳኝ አንድ ጡረተኛ ነው። በማዕድኑ ላቦራቶሪ ናሙና ሲያዘጋጅ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው። ከጥቁሩ ተራራ ፊት ለፊት አጥር ተደግፈን ቆመናል። ጥቁሩ ተራራ የምልህ ከማቅለጫው ለአሥርት ዓመታት የተደፋ ዝቃጭ ነው። ውስጡ መዳብ ስለቀረ ወጣቶች እየቆፈሩ ይለቅማሉ። በ2018 ተደርምሶ ሰው ጨርሷል። ሸራ የለበሰ ከባድ መኪና በአጠገባችን አለፈና አቧራውን አለበሰን።

"ያ መኪና ስንት ይመዝናል?" አለኝ።

"ሚዛኑ ላይ ይወጣ የለ፣ ይታወቃል" አልኩት።

"ክብደቱማ ማንም ያውቀዋል። ውሃውን ንገረኝ።"

ዱቄት ዕቃ ነው የሚጫነው፤ መዳቡ ገና አልቀለጠም። እርጥበት አለው። ስለዚህ ከክብደቱ ላይ ውሃው ይቀነሳል፣ ከዚያ በቀረው ደረቅ ክብደት ውስጥ ስንት በመቶ መዳብ እንዳለ በላቦራቶሪ ይለካል። በጣቱ አቧራው ላይ እየጻፈ አሳየኝ። 100 ቶን ተጭኗል እንበል። ውሃው 10 በመቶ ከሆነ 90 ይቀራል። ላቦራቶሪው 30 በመቶ ካለ 27 ቶን መዳብ ነው። 28 በመቶ ካለ 25.2 ነው። የመዳብ ዋጋ በቶን 9,000 ዶላር ብንለው፣ በሁለት በመቶ ልዩነት ብቻ 16,200 ዶላር ከዓይን ተሰወረ። ማንም አልሰረቀም፣ ማንም ጉቦ አልተቀበለም። አንዲት ብልቃጥ ናሙና ናት። ደግሞም ይህ ከመዳቡ ጋር የሚወጣውን ኮባልት የተባለ ማዕድን ሳንቆጥር ነው።

"ናሙናውን ማን ይወስዳል?" ስለው "ኩባንያው።" "መንግሥትስ?" "መንግሥት ወረቀቱን ይወስዳል።"

ያኔ ነው ጥያቄህ የገባኝ። ሁለቱ ዓምዶች ቢታረቁ ምን ይገርማል? ሁለቱም የሚነሱት ከአንድ ቁጥር ነው። ቁጥሩን የጻፈው ደግሞ ከፋዩ ራሱ ነው። ከፋዩ 25.2 ብሎ ጻፈ፣ ተቀባዩ በ25.2 ሒሳብ ተቀበለ፣ አስታራቂው "ልዩነት የለም" ብሎ ፈረመ። ሁሉም እውነቱን ነው። ሰባት ዓመት ሕግ ያስተማሩኝ አንድም ቀን ስለ ውሃ አልነገሩኝም!

ከክብደቱ በኋላ ደግሞ ዋጋው አለ። እዚያው ዛምቢያ ሞፓኒ የተባለው የመዳብ ኩባንያ መዳቡን ይሸጥ የነበረው የባለቤቱ ለሆነ ሌላ ኩባንያ ነው። የገቢዎች ባለሥልጣን ዋጋው ዝምድና የሌላቸው ኩባንያዎች የሚገበያዩበት ዋጋ አይደለም ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ ከ2006 እስከ 2009 ስለነበረው ሽያጭ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለባለሥልጣኑ የፈረደው በ2020 ነው። ተሸነፉ እንዳንል አሸንፈዋል። ግን የአንድ ኩባንያ የአራት ዓመት ሒሳብ ለማጣራት አሥር ዓመት ያለፈው አገር፣ የቀሩትን መቼ ይደርስባቸዋል? የቀድሞው የደቡብ አፍሪካ ፕሬዚዳንት ታቦ ምቤኪ የመሩት የአፍሪካ ቡድን በ2015 ከአህጉሩ በየዓመቱ ከ50 ቢሊዮን ዶላር በላይ በሕገወጥ መንገድ ይወጣል ያለው እንዲሁ አይደለም። ትልቁ ድርሻ በሻንጣ የሚወጣ የባለሥልጣን ገንዘብ መስሎኝ ነበር። አብዛኛው በንግድ ሒሳብ በኩል ነው የሚወጣው።

ጋናን በአጭሩ ልለፈው፣ እሷን ስንገናኝ አወራልሃለሁ። አንድ ነገሯን ግን ወድጄዋለሁ። በ2011 የነዳጅ ገቢ ሕግ ሲወጣ 13 አባላት ያሉት የዜጎች ኮሚቴ ተቋቋመ። የሠራተኛ ማኅበር፣ ጋዜጠኞች፣ የሃይማኖት ሰዎች፣ የባህል መሪዎች፣ እንደ አንተ ያሉ የሒሳብ አዋቂዎችም አሉበት። በነዳጅ ገንዘብ ተሠራ የተባለውን ቦታው ድረስ ሄደው ያዩታል። መክሰስ አይችሉም፣ ማየት ብቻ። አገሪቱም ብትሆን በ2022 መጨረሻ አብዛኛውን የውጭ ዕዳዋን መክፈል አቁማ ነበር። ቢሆንም በእግራቸው ሄደው የሚያዩ ሰዎች መኖራቸው ቀላል አይደለም።

ቦትስዋናን ሁሉም ያወድሳታል፤ እኔ ግን የምወድላት ሌሎቹ ከሚሉት በሌላ ነገር ነው። አልማዙ ኦራፓ ላይ የተገኘው ነፃ በወጣች በዓመቱ፣ በ1967 ነው። ያውም በፕሬዚዳንት ሴሬትሴ ካማ ጎሳ መሬት ላይ። ካማ ሀብቱ የጎሳዬ ነው አላለም፤ የማዕድን መብቱ የመንግሥት ሆነ። ከውጭው ኩባንያ ጋር የተመሠረተው ድርጅትም በኋላ እኩል በእኩል የሚካፈሉበት ሆነ። ይህን ሁሉም ይጽፈዋል። እኔ የምልህ፣ መንግሥት አልማዝ የሚገምቱ የራሱ ባለሙያዎች አሉት። በ2013 ደግሞ ለንደን ይካሄድ የነበረው የመደርደርና የመሸጥ ሥራ ወደ ጋቦሮኔ መጣ። ድንጋዩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ በአጉሊ መነጽር እያየ "ይህ ይህን ያህል ያወጣል" የሚል የራሳቸው ሰው አለ። ከቻድ ሕግ ሁሉ ይህ አንድ ሰው ይበልጥብኛል። ብቻ እነሱም ዛሬ ጭንቅ ላይ ናቸው። በፋብሪካ የሚሠራ አልማዝ ገበያውን አናጋው፤ ለ58 ዓመት የገዛው ፓርቲም በ2024 ምርጫ ወደቀ። ሚዛኑን የያዘ ገበያውን አይዝ።

አሁን ደግሞ የማስቸግርህ ነገር አለኝ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሰንጠረዥ አያይዣለሁ። ከአንድ ማዕድን ማውጫ የተላከ የ36 ወር ጭነት ነው፤ ስሙንና አገሩን ሆን ብዬ አጥፍቼዋለሁ። ሒሳቡ ታርቋል፣ ተፈርሞበታል፣ ማኅተምም አለው። የእርጥበቱን ዓምድ ብቻ ተመልከተው። 10.0 ይላል። በቀጣዩ ወር 10.0። በክረምት 10.0፣ በበጋ 10.0። ሠላሳ ስድስቱም ወር። ለጡረተኛው ሳሳየው ረጅም ሳቅ ሳቀና "እዚህ አገር እኮ ዝናብ የሚባል ነገር አለ" አለኝ።

ግን ልቸኩል አልፈልግም። ምናልባት በውሉ የተስማሙበት ቋሚ ቁጥር ይሆናል። ምናልባት የሰነፍ ጸሐፊ ሥራ ነው፣ ኮፒ እያደረገ። ምናልባትም ሌላ ነገር። የማይንቀሳቀስ ቁጥር ሲገጥምህ መጀመሪያ የምታገላብጠው የትኛውን ወረቀት ነው? እኔ ውሉን ብዬ ነበር፤ አንተ ሌላ እንደምትል ይሰማኛል።

እሑድ ከሰዓት እደውልልሃለሁ። አንሳልኝ። መጀመሪያ ስለ እናትህ አጫውተኝ፤ እንዴት እንደነበሩ፣ በመጨረሻ ምን እንዳሉ። ሰንጠረዡ ይቆይ።

ወንድምህ