ቆሻሻው ከአልጋው አጠገብ ይለይ

ይድረስ ለተከበራችሁ አዘጋጆች፣

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል ዘመድ አስታምሜ መመለሴ ነው። ሐኪሞቹንና ነርሶቹን ከልብ አመሰግናለሁ። ያንገበገበኝ ቆሻሻው ነው። ጥቁርና ቢጫ ቅርጫት ጎን ለጎን ተቀምጧል። ግን የእንጀራ ትራፊው፣ ባዶ ሃይላንዱ፣ ጓንቱና ደም የነካው ጥጥ ሁሉ አንዱ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ጓሮ ይቃጠላል። የደጋችንን ነፋስ ታውቁታላችሁ፤ ጭሱ ተመልሶ ታማሚዎቹ ክፍል ይገባል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከጤና ተቋማት ከሚወጣው ቆሻሻ 85 በመቶ ገደማው ከቤት ቆሻሻ የተለየ አይደለም። አደገኛው 15 በመቶው ነው። ሲደባለቅ ግን ሁሉም የተበከለ ይሆናል። ማቃጠያው ይጨናነቃል፣ ነዳጅ ይባክናል። አንዳንዱ ፕላስቲክ ደግሞ በዝቅተኛ ሙቀት ሲነድ ዳይኦክሲን የሚባል፣ ካንሰር የሚያመጣ መርዝ ይለቃል።

ጥቁሩ ለተራው፣ ቢጫው ለተበከለው መሆኑን ለእኛ ለአስታማሚዎች የነገረን የለም። ጠዋት ጠዋት አንድ ሰው ሁለት ደቂቃ ቢያስረዳን ምን ነበረበት? ካርቶኑንና ሃይላንዱን እኮ ቁራሌው ይወስደዋል። ትራፊው ለኮምፖስት ይሆናል።

ከሁሉም በላይ የማስበው ለጽዳት ሠራተኞቹ ነው። ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሴፍቲ ቦክስ ሦስት አራተኛው ሲሞላ መዘጋት አለበት። ከአፉ ከተረፈ ወይም መርፌው ተራ ቅርጫት ውስጥ ከገባ መጀመሪያ የሚወጋው እነሱን ነው። የሆስፒታል ኃላፊዎች ይህን ካነበባችሁ እባካችሁ ከእነሱ ጀምሩ፤ ወፍራም ጓንት፣ ቦት ጫማና የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ስጧቸው።

አክባሪያችሁ፣
ከደብረ ብርሃን