የአንቶን ፔትሮቭ ዜሮዎች

ወንድም ዓለም፣ እንደምን ከርመሃል?

አራት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጠፋሁብህ። መጀመሪያ ሰነፍኩ፣ ኋላ ደግሞ አፈርኩ። ዛሬ ያስጻፈኝ ያ የዶርም ክርክራችን ነው። "የሩሲያ ገበሬ የዛር፣ የንጉሠ ነገሥቱ፣ ፍቅር ያጃጃለው ነው" ትለኝ ነበር። ሰሞኑን የቤዝድናን ጉዳይ እንደገና ሳነብ ትዝ አልከኝ።

እ.ኤ.አ. በ1861 ዛር ዳግማዊ አሌክሳንደር ሰርፎቹን፣ የጌታ ንብረት የነበሩትን ገበሬዎች፣ በሕግ ነፃ አወጣ። (ጭሰኛ እንዳልላቸው፣ እነዚህ እንደ ከብት ይሸጡ ነበር።) ሕጉ ወፍራም ነው፤ ቋንቋውም ለተማረ ይከብዳል። በካዛን ግዛት፣ ቤዝድና መንደር፣ ፊደል የቆጠረ አንቶን ፔትሮቭ የሚባል ገበሬ ነበር። ሕጉን ሲያገላብጥ የናሙና ቅጽ ላይ ደረሰ። ቁጥር የሚሞላበት ቦታ ላይ "00" ተጽፏል። ፔትሮቭ በነዚህ ዜሮዎች ውስጥ መኳንንቱ የደበቁትን እውነተኛ ነፃነት አገኘሁ አለ። ገበሬው በሺዎች ወደ እሱ ጎረፈ። ወታደር መጥቶ ተኮሰ፤ ከ50 በላይ ሰው ወደቀ። ፔትሮቭ ሕጉን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ከጎጆው ወጣ። በሳምንቱ ረሸኑት።

ታዲያ ይሄ ጅልነት ነው? ወረቀቱ በትክክል ሲነበብ ምን እንደሚል እይ እስቲ። ገበሬው ሲያርሰው የኖረውን መሬት፣ ያውም ብዙ ቦታ ለጌታው ተቆርሶለት የቀረውን፣ ለ49 ዓመት እየከፈለ ይግዛ ነው የሚለው። ጎረቤቱ ካልከፈለ ዕዳው የመንደሩ ሁሉ ነው። ይህ የጋራ ዋስትና እስከ 1903 ቆየ። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን አርጩሜው ነው። የገበሬዎች ፍርድ ቤት እስከ 1904 ድረስ "ነፃ" የወጣውን ሰው ማስገረፍ ይችል ነበር። ገዢዎቹ ገበሬው ልጅ ነው፣ እኛ እናሳድገው ብለው እኮ ነው!

የመሬቱ ዕዳ እንዲሰረዝ የተወሰነው በ1905 መገባደጃ ነው፤ የባላባት ቤት መቃጠል ከጀመረ በኋላ።

"ዛሩ እንዲህ ብሏል" ማለት ለብዙዎቹ እምቢ ማያ ዘዴ ነበር ባይ ነኝ። ማን ደፍሮ በዛሩ ስም የመጣን ሰው አመፀኛ ይለዋል? ፔትሮቭ ግን ከልቡ ያመነ ይመስለኛል። እዚህ ላይ ትረታኛለህ።

ያ ማስታወሻ ደብተሬ አሁንም አንተ ጋ ነው? ዳርና ዳሩ ላይ የጻፍክብኝን ስድብ ማንበብ አምሮኛል። መጻፍ ከሰነፍክ ሚስኮል አድርግ፣ እደውላለሁ።

ያው ወንድምህ